የቶኪዮ ቀመር በእንጦጦ ሥር፦ የሞባይልና የገመድ አልባ ግንኙነት ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዮሺሂሳ ኦኩሙራ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ መለኪያ መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ ቶኪዮንና አካባቢዋን ዞረ። ከማማ የተለቀቀው የሬዲዮ ሞገድ በየሰፈሩ ሲደርስ ምን ያህል እንደደከመ መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1968 በግራፍ አሳተመ። በ1980 ማሳሃሩ ሃታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ እነዚያን ግራፎች ለስሌት ወደሚመች ቀመር ቀየራቸው። ዛሬ በአምስት ኪሎ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ ወይም በመቀሌ የኮሙኒኬሽን ስትሪም የመረጠ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሞባይል ኔትወርክ ዕቅድ ሥራ ተብሎ ሲታዘዝ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚህ ቀመር ነው።

ቀመሩ ጥሩ ነው፤ ወሰንም አለው። የተሠራው ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ ላለ ፍሪኩዌንሲ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ርቀት፣ ከ30 እስከ 200 ሜትር ከፍታ ላይ ለተሰቀለ አንቴና፣ ያውም ወጣ ገባ ለማይበዛበት መሬት ነው። ከ1500 በላይ ሲኬድ ኮስት 231 የተባለው የአውሮፓውያን ማራዘሚያ እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ግን ከእንጦጦ አናት፣ ከ3000 ሜትር በላይ ተነሥታ አቃቂ እስክትደርስ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። በፎቅ ጣሪያ ላይ የተተከለ አንቴና ከፍታው 30 ሜትር ላይሞላ ይችላል። በአንድ ሰፈር ውስጥ የመስታወት ሕንፃ፣ ኮንዶሚኒየምና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጭቃ ቤት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እዚያው ነው ያደገው። የፕሮጀክቱ ጽሑፍ ላይ ግን «መካከለኛ ከተማ» የሚለውን አማራጭ መርጦ፣ ቁጥሩን ማትላብ ውስጥ አስገብቶ፣ ካርታውን አረንጓዴና ቢጫ ቀብቶ ይመረቃል።

ብዙ ሰው የትምህርቱን ድክመት ሲተች «ንድፈ ሐሳብ በዛ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ንድፈ ሐሳቡ አልበዛም፤ እንዲያውም በደንብ የገባው ተማሪ ጥቂት ነው። የጎደለው መለካት ነው። ሞገዱ በዚህ አገር ገደል፣ በዚህ አገር ክረምት፣ በዚህ አገር ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚሆን ወጥቶ የሚለካ ክፍል እምብዛም የለም። ንድፈ ሐሳቡ ባዶ የሚመስለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኮርሱ በስሙ የሚመጣው ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ መንገዱ ግን ቀድሞ ይጀምራል። ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ፣ ከዚያ አናሎግና ዲጂታል ኮሙኒኬሽን፣ አንቴናና የሞገድ ሥርጭት፣ በመጨረሻም ሞባይልና ገመድ አልባ። ዶርም ውስጥ የሚፈራው ኤሌክትሮማግኔቲክስ ነው። ማክስዌል በ1865 ያሳተማቸውን እኩልታዎች አንድ ሴሚስተር ሙሉ በቬክተር ካልኩለስ የተፋለመ ተማሪ፣ ኸርዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሞገዱን በቤተ ሙከራ እንዳገኘው ሳይነገረው ፈተናውን ያልፋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ፕሮባቢሊቲ ነው። ተማሪው እንደ ማለፊያ በር ያየዋል፤ «ዳይስና ካርታ» ብሎ ይተወዋል። የሞባይል ትምህርት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዕድል ሒሳብ ነው። ሲግናሉ ግድግዳ እየመታ በብዙ መንገድ ሲመጣ በአንድ እርምጃ ልዩነት ይጠነክራል ወይም ይጠፋል፤ ሰዎች ስልክ የሚደውሉትም በቀጠሮ አይደለም።

የኋለኛውን በደንብ ያየው አግነር ኧርላንግ ነው። ዴንማርካዊ ነበር፤ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ ይሰጣል። የሚሰጥበት መንገድ ግን የሞተ ነው፤ ሠንጠረዥ ይታደላል፣ ቁጥር ይነበባል፣ ያበቃል። እስቲ በአንድ የጂ.ኤስ.ኤም፣ ማለትም የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል ሥርዓት፣ ቻናል እንሞክረው። ቻናሉ 200 ኪሎኸርዝ ስፋት አለው፣ በጊዜ ለ8 ይከፈላል፤ አንዱ ለቁጥጥር ቢያዝ 7 ሰው በአንድ ጊዜ ይነጋገራል። ከ100 ሙከራ 2 ብቻ እንዲከለከል ብንፈቅድ የኧርላንግ ቀመር 2.94 ኧርላንግ ጭነት ይፈቅድልናል፤ አንድ ኧርላንግ አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ሲያዝ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ በተጨናነቀው ሰዓት በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያወራ፣ ያ ለ117 ሰው ይበቃል። 7 መስመር ለ117 ሰው! ይህ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። አሁን የእንቁጣጣሽ ጠዋት መጣና ጭነቱ እጥፍ ሆነ እንበል። የሚከለከለው ከ100 ወደ 4 አያድግም፤ ወደ 18 ገደማ ይዘላል። በዓል በመጣ ቁጥር «ኔትወርክ የለም» እያለ የሚያማርር ቤተሰብ ያለው ተማሪ ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራው ኧርላንግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

የሻነንም ነገር እንዲሁ ነው። ክሎድ ሻነን በ1948 ከቤል ላብስ ያሳተመው ጽሑፍ አንድ መስመር ምን ያህል መረጃ ያለ ስሕተት መሸከም እንደሚችል ጣሪያውን አስቀመጠ። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ይኑረን፤ ሲግናሉ ከጩኸቱ 100 እጥፍ ቢበልጥ ጣሪያው በሰከንድ 133 ሜጋቢት ነው። ሲግናሉና ጩኸቱ እኩል ሲሆኑ ወደ 20 ይወርዳል። 133ቱን በኃይል ብቻ እጥፍ ላድርግ ያለ ሰው ደግሞ ኃይሉን 100 ጊዜ ገደማ መጨመር አለበት። ስፋቱን እጥፍ ቢያደርግ ግን ኃይሉንም በዚያው መጠን እጥፍ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሁሉም ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ማንም እንደማይሰማው ሁሉ፣ በኔትወርክም መጮህ መፍትሔ አይሆንም። ኩባንያዎች ለስፔክትረም፣ ማለትም ለፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ የሚፎካከሩት ለዚህ ነው። በ2021 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን የመሠረተው ጥምረት ለኢትዮጵያ ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል ዜናው በኢኮኖሚ ዓምድ ሥር ተነበበ፤ በዲጂታል ኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥም ቢነበብ ቦታው ነበር።

እንዲህ ያሉ ምሳሌዎች በአገሩ ሞልተዋል። የአማርኛ አጭር መልእክትን እንውሰድ። አንድ ኤስ.ኤም.ኤስ 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። 71ኛዋን ፊደል የጨመረ ሰው ሁለት መልእክት ላከ፤ ለማያያዣ ጥቂት ባይት ስለሚነጠቅም ለእያንዳንዱ የሚቀረው 67 ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነበር፤ ሞባይል ስልክ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት። የመረጃ ኮድ ትምህርትን በዚህ የማይጀምር አስተማሪ ያሳዝናል እንጂ አያስደንቅም፤ የሚያስተምርበት መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ የተጻፈ ነው።

ጣና ደግሞ ለሌላ ትምህርት ይመቻል። በጂ.ኤስ.ኤም ሥርዓት ሩቅ ያለ ስልክ ምላሹ ዘግይቶ የሌላውን ሰዓት እንዳይሻማ ማማው «ቀድመህ ላክ» ይለዋል። ይህ ማስቀደሚያ ከ0 እስከ 63 ደረጃ አለው፤ አንዱ ደረጃ 550 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መደበኛው ሥርዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለን ስልክ ማስተናገድ አይችልም፤ ሲግናሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በጀልባ የሚሄድ መንገደኛ በውኃ ላይ ሞገድ የሚያግደው ነገር ባይኖርም ከአንድ ርቀት በኋላ ያ ማማ አይቀበለውም። ወሰኑን የሚያበጀው የሰዓት አከፋፈሉ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከማንበብና ጀልባ ላይ ስልክ ይዞ ከማየት የቱ ይሻላል?

ባሕር ዛፍም አለ። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በማይክሮዌቭ የተያያዙ ማማዎች በዓይን መተያየታቸው ብቻ አይበቃቸውም። ሞገዱ በመሐል መንገድ ላይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የፍሬኔል ዞን ይሉታል። ለ40 ኪሎ ሜትር መስመር በ7 ጊጋኸርዝ የዚህ ዞን ራዲየስ መሐል ላይ 21 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው ክፍት መሆን አለበት። መስመሩ ሲተከል ነፃ የነበረ ሸንተረር ላይ ገበሬው ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉ ዞኑ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ማንም ምንም አልነካም፤ መስመሩ ግን ይደክማል። የጥገና ባለሙያዎች ይህን በልምድ ያውቁታል። ኮርሱ ውስጥ ግን ስሌቱ አለ፣ ዛፉ የለም።

ክረምቱ ከሁሉም የከበደ ነው፣ ምርምርም የሚፈልግ። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ዝናብ ማይክሮዌቭን በብርቱ ያዳክማል። የመስመር ዕቅድ የሚያወጣ መሐንዲስ የሚጠይቀው ዓመታዊውን የዝናብ መጠን አይደለም፤ ከዓመቱ 0.01 በመቶ፣ ማለትም 53 ደቂቃ ለምታህል ጊዜ ብቻ የሚታለፈውን የዝናብ ብርታት ነው። ይህን ለማወቅ በየደቂቃው የተመዘገበ መረጃ ያስፈልጋል፤ የቀን ድምር አይጠቅምም። በኢትዮጵያ የዝናብ መረጃ ላይ ተመሥርተው የማይክሮዌቭን መዳከም ያሰሉ ጥናቶች በደቡብ አፍሪካው ክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ በኩል ታትመዋል። መኖራቸው ደስ ይላል፤ ዝናቡ የጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው የደርባን መሆኑ ግን ያሳስባል። የራሳችን ካምፓሶች ጣሪያ ላይ በየደቂቃው የሚመዘግብ የዝናብ መለኪያ መትከል ከባድ ወጪ አይደለም።

የሞባይል ኔትወርክ ትውልዶችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሌላው ሁሉ ስለ እነሱ ብቻ ነውና የሚጽፈው። አንደኛው በ1979 ቶኪዮ ላይ፣ ሁለተኛው በ1991 ፊንላንድ፣ ሦስተኛው በ2001 እንደገና ጃፓን፣ አራተኛው በ2009 ስቶክሆልምና ኦስሎ፣ አምስተኛው በ2019 በደቡብ ኮሪያ በሰፊው ጀመረ። አዲስ አበባ አራተኛውን በ2015፣ የአምስተኛውን ሙከራ በግንቦት 2022 አየች። ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን ሩጫ መከተል አይችልም፤ ባይከተለውም አልቆጭም። «አሁንም ጂ.ኤስ.ኤም ያስተምሩናል» የሚለውን የተማሪ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጂ.ኤስ.ኤም ግን በገጠር ዛሬም የሚሠራ፣ በወረቀት ላይ ከራስ እስከ እግሩ ሊታይ የሚችል ሥርዓት ነው። ጥፋቱ ትውልዶቹን እንደ ነገሥታት ዝርዝር ማስሸምደዱ ላይ ነው። ኦ.ኤፍ.ዲ.ኤም የተባለውን ሐሳብ፣ ሰፊውን ቻናል ወደ ብዙ ጠባብ ቻናሎች ከፍሎ መላክን በደንብ የተረዳ ተማሪ ዋይ ፋይን፣ ዲጂታል ቴሌቪዥንን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ትውልድ በአንድ ቁልፍ ከፈተ ማለት ነው።

ቤተ ሙከራ ሲነሣ የመጀመሪያው መልስ «የውጭ ምንዛሪ» ነው። ለስፔክትረም አናላይዘርና ለዘመናዊ መለኪያ እውነት ነው። ግን ሰበብም ሆኗል። ከ2012 ወዲህ ለቴሌቪዥን መቀበያ የተሠራች፣ ፍላሽ የምታክል ርካሽ መሣሪያ በኮምፒዩተር ላይ የሬዲዮ መቀበያ ሆና እንደምትሠራ ዓለም ያውቃል። ጂ.ኤን.ዩ ሬዲዮ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ተማሪ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን በራሱ ፕሮግራም ፈትቶ መስማት፣ የሞባይል ማማ ሲያሰራጭ ስፔክትረሙን በዓይኑ ማየት ይችላል። ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለመማር ግን መቀበሉ ብዙ ርቀት ይወስዳል። መጽሐፍም ቢሆን ያለው የራፓፖርት የገመድ አልባ ኮርስ መጽሐፍ ውድ ቅጂ ብቻ አይደለም፤ ዴቪድ ቼና ፕራሞድ ቪስዋናት በ2005 ያሳተሙት የገመድ አልባ ግንኙነት መጽሐፍ በደራሲዎቹ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።

ከሁሉም የቀረበው ቤተ ሙከራ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ የሚቀበለውን የሲግናል ጥንካሬ በዴሲቤል-ሚሊዋት (dBm) ያሳያል፤ ‎-80 ጥሩ፣ ‎-110 ደካማ። በሁለቱ መካከል ያለው 30 ዴሲቤል የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት መሆኑን ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሳል፤ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ቆሞ ቤት ገብቶ ሲወጣ ግን ይገባዋል። አንድ ክፍል በቡድን ተከፍሎ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ቢለካ፣ ኦኩሙራ ቶኪዮ ላይ የሠራውን በጥቂቱ ሠራ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሃታን ቀመር ከራሱ ነጥቦች ጋር ያስተያያል። የሚሳሳትበት ቦታ ሁሉ የምርምር ርዕስ ነው።

ስለ ምርምር ከተነሣ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ የማስተርስ ጽሑፎች የተሻለ መንገድ ያሳያሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከኦፕሬተር በተገኘ እውነተኛ መረጃ የኔትወርክ ጥራትን፣ የጭነት ትንበያን፣ የማማ ኃይል ፍጆታን ይመረምራሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የዘርፉ ሠራተኞች ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው ከሥራ ቦታ ይመጣል፤ ይሄ ከአየር ላይ ከተነሣ ርዕስ ይለያል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያለው ሲኒየር ፕሮጀክት ግን አንዱ ከሌላው የሰፈሩን ስም ብቻ እየቀየረ የሚገለብጠው የ«ፕላኒንግ» ጽሑፍ ይበዛበታል። ያንን የሚያጸድቀው አማካሪም ጭምር እንጂ ተማሪው ብቻ አይወቀስም።

ለዚህ የልኬት ጉድለት አንድ የታሪክ ምክንያትም አለ። የአገሪቱ ኔትወርክ በትልቅ የተስፋፋው በአቅራቢ ኩባንያዎች ብድርና ግንባታ ነው፤ በ2006 ከዜድ.ቲ.ኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ ጋር 1.6 ቢሊዮን ዶላር። ዕውቀቱም ከመሣሪያው ሣጥን ጋር አብሮ መጣ። ዛሬ ሁዋዌ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አካዳሚዎች አሉት፤ ተማሪው ሰርተፊኬቱን ከዲግሪው እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ ያየዋል። ሥራ ፈላጊ ነው፣ አልፈርድበትም። ሰርተፊኬቱ የትኛውን ትእዛዝ መጻፍ እንዳለበት ያስተምረዋል፤ ያ ትእዛዝ ለምን ኖረ የሚለውን የሚመልስ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በዚህ ፉክክር ውስጥ ሰርተፊኬት ለመምሰል ሲጣጣር ሁለቱንም ያጣል። በኢንተርንሺፕ የሚሄደው ተማሪ ከሚናገረው አንዱ ይህ ነው፦ ማማ ሥር ደርሶ መሣሪያውን አይቷል፣ የነካው ነገር ግን የለም።

ወደ ውጭ የሚሄደውን ተማሪ ያየን እንደሆነ ልዩነቱ የት እንዳለ ይታወቃል። ፊንላንድ ውስጥ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ የስድስተኛው ትውልድ ምርምር ማዕከል ይመራል፤ ግቢው ውስጥም ለተማሪና ለተመራማሪ ክፍት የሆነ የሙከራ ኔትወርክ አለው። ጀርመን ውስጥ የድሬዝደን ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኦፕሬተር የሚደገፍ የሞባይል ግንኙነት የፕሮፌሰርነት ወንበር አለው። ከኢትዮጵያ የሄደ ተማሪ እዚያ በሒሳብ አይቸገርም፤ የሚቸገረው «መጀመሪያ ለካ» ሲባል ነው። ፊንላንድ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ከ2017 ጀምሮ ክፍያ መጠየቅ ጀምራለች፤ ስለዚህ ስኮላርሺፕ ያላገኘው እዚሁ ያለውን ማሻሻል ይበጀዋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ እየገፋው ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ በምርጫ ሊፈተን የሚችለውም ቀመርና ትርጉም ነው። አስተማሪው የክፍሉን የማለፍ መጠን ስለሚጠየቅ ከሜዳ ልኬት ይልቅ ያለፈ ፈተና ማሠራቱን ይመርጣል። ፈተናውን አልቃወምም፤ ምረቃ ከወረቀት በላይ ይመዘን መባሉ ተገቢ ነው። ግን ሲኒየር ፕሮጀክት ውስጥ ተማሪው ራሱ የለካው መረጃ እንዲኖር ግዴታ ቢደረግ፣ ፈተናው የማይነካውን ያ ይነካዋል።

ይህ ሁሉ መረጃ ይፈልጋል፤ መረጃው ደግሞ ያለው ኦፕሬተሮች ጋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው፤ ጥራትን ለመቆጣጠር መለካት ግድ ነው። ተማሪ በየቢሮው ደብዳቤ ይዞ እየዞረ በትውውቅ ከሚያገኘው፣ የተመረጡ ከተሞችና የገጠር ወረዳዎች ልኬት በየዓመቱ ለዩኒቨርሲቲዎች በይፋ ቢሰጥ ይሻላል። የሚያስፈልጉት ዓምዶች ብዙ አይደሉም፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የአንቴናው ከፍታ፣ የሲግናል ጥንካሬ። የደንበኛ ስም ወይም ስልክ ቁጥር አያስፈልግም።